በሃፍ ተርም ልጆቼን ልዑል ዓለማየሁ ጋ ወሰድኳቸው

እንግሊዝ አገር ልጅ የሚያሳድግ ሰው የጥቅምቷን ሃፍ ተርም ያውቃታል። ትምህርት ተከፍቶ ልጆቹ ገና ሳይለምዱት አንድ ሳምንት ይዘጋል፣ የወላጅ ሥራ ግን አይዘጋም። እኔ ኬር ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ) ነው የምሠራው፣ ባለቤቴ ደግሞ ማታ ማታ ይነዳል፣ ስለዚህ ለዓመታት እኛ ቤት ሃፍ ተርም ማለት አንዳችን ተኝተን አንዳችን ሥራ ሆነን ልጆቹ ሶፋው ላይ ታብሌት ይዘው የሚውሉበት ሳምንት ነበር። ዘንድሮ ግን አኒዋል ሊቭ (የዓመት ዕረፍቴን) ገና ሰመር ላይ ነው የጠየቅኩት፣ ማናጀሬም ፈቀደችልኝ፣ እና ሳምንቱን ሙሉ ይዣቸው ልወጣ ቆረጥኩ።

ጥቅምት እዚህና እዚያ አንድ አይደለም። አገር ቤት ሰማዩ ጠርቶ፣ ሜዳው አበባ ለብሶ፣ በጥቅምት አንድ አጥንት እየተባለ ብርዱን በሥጋ የሚያባርሩበት ወር ነው። እዚህ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደኋላ መልሰውት ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት እንኳን ሳይሞላ ይጨልማል፣ ሰው በጊዜ ቤቱ ይገባል። እኔ ደግሞ ጽጌን ስለምጾም (ግዴታ አይደለም፣ እናቴ ትጾመው ስለነበር ነው የለመድኩት) ምሳችን ምስር ሳምቡሳ፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ በፌርሙዝ ሻይ ነበር። የሚጎበኙ ቦታዎች ላይ ካፌ ገብቶ አራት ሰው መመገብ ከባድ ነው፣ ይዞ መውጣት ይሻላል።

የመጀመሪያው ለንደን ያለው ሪችመንድ ፓርክ ነው። መግቢያ አይከፈልም፣ ባስ ያደርሳል። በፈረንጆቹ (እዚህ የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ በእነሱ ነው) በ1637 ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ለአደን ብሎ አጥር ያስገነባበት ቦታ ነው፣ ዛሬም ከ600 በላይ አጋዘን በነጻ ይንቀሳቀሱበታል። ጥቅምት ላይ ወንዶቹ ለሴቶቹ ሲሉ እርስ በርስ የሚፋለሙበት ጊዜ ስለሆነ 50 ሜትር ራቁ ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው፣ አንዱ ሲያገሳ ድምፁ ከሆዱ ነው የሚወጣው፣ ትንሹ ልጄ እጄን ጨምድዶ ያዘኝና ብዙ ሰዓት አልለቀቀኝም። ሰባት ዓመቱ ነው። እንደዛ ሲይዘኝ ደስ ይለኛል፣ በቅርቡ እንደሚተወው ስለማውቅ። ከዛ ኪንግ ሄንሪስ ማውንድ የሚባል ጉብታ ላይ ወጥተን በቴሌስኮፕ የቅዱስ ጳውሎስን ካቴድራል ጉልላት አየን፣ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በዛፎቹ መሃል በተቆረጠች ቀዳዳ። ደስ የሚል ቀን ነበር፣ በቃ።

የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት ዊንዘር ካስል ግን ሌላ ነው። ለንደን ካለው ዋተርሉ ጣቢያ በባቡር አንድ ሰዓት አካባቢ ነው፣ ፋሚሊ ሬይልካርድ (የቤተሰብ የባቡር ቅናሽ ካርድ) ካላችሁ የልጆቹ ቲኬት በጣም ይረክሳል። ትልቋ ልጄ ዘንድሮ ሴኮንደሪ ገብታለች፣ ታሪክ ላይ 1066ን ነው የሚማሩት፣ ኖርማኖች ከፈረንሳይ በኩል እንዴት እንደመጡ፣ መሪያቸው ዊሊያም አገሩን ለመያዝ እንዴት በየቦታው ካስል (ምሽግ) እንደሠራ፣ እና በሩን ገና እንዳለፍን አስጎብኚዋ እሷ ሆነች። ክቡ ግንብ የቆመበት ኮረብታ የተፈጥሮ እንዳይመስልሽ፣ ሰዎች አፈር ቆልለው የሠሩት ነው አለችኝ፣ ውጪ የሚመጣ ጠላት ብቻ ሳይሆን ሥሩ የሚኖረው ሕዝብም ቀና ብሎ እያየ እንዲፈራ ነው አለች። እኔ ይሄን አላውቅም ነበር። ወደ ሺህ ዓመት ሊሆነው ነው እኮ፣ እስከዛሬ ሰው ይኖርበታል። ትንሹ ደግሞ የንግሥት ሜሪ የአሻንጉሊት ቤት ጋ ተተክሎ ቀረ፣ 1924 ላይ ያለቀ ነው፣ መብራቱ ይበራል፣ በቧንቧው ውሃ ይወርዳል፣ ሁሉም ነገር ትንንሽ ሆኖ። ሰልፉ ገፍቶን ነው የወጣነው።

እኔ ግን የመጣሁት ለጸሎት ቤቱ ነው፣ ለቅዱስ ጊዮርጊስ። 1475 ላይ የተጀመረ ሕንፃ ነው፣ ሄንሪ ስምንተኛ እዛ ነው ያረፈው፣ ንግሥት ኤልሳቤጥም በ2022 እዛው ተቀብራለች፣ ሰው ሁሉ እሷን ለማየት ነው የሚገባው። እኛ የፈለግነው የነሐስ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ላይ የንጉሥ ቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ እዚህ አጠገብ ተቀብሯል፣ 23 ኤፕሪል 1861 ተወለደ፣ 14 ኖቬምበር 1879 ሞተ ይላል፣ ንግሥት ቪክቶሪያ እንዳስቀመጠችውም ይናገራል። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር።

ታሪኩን መንገድ ላይ ነግሬያቸው ነበር። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ጠጥተው የሞቱት በፈረንጆቹ 13 ኤፕሪል 1868 ነው፣ ሰሌዳው ላይ ባለው የልደት ቀን ስናሰላው ዓለማየሁ ያን ቀን ሰባት ዓመት ሊሞላው አሥር ቀን ቀርቶት ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕሩ ሲጓዙ መንገድ ላይ አረፉ። በሳምንታት ውስጥ አባትም እናትም አጣ። አማርኛ የሚችለው ስፒዲ የሚባል መኮንን ነው የያዘው፣ ልጁም እሱ ላይ ተጣበቀ፣ በኋላ ግን ከእሱም ለይተው ትምህርት ቤት አስገቡት፣ ቼልተንሃም፣ ረግቢ፣ ከዛ የጦር መኮንኖች ትምህርት ቤቱ ሳንድኸርስት፣ መጨረሻ ላይ ሊድስ ታሞ ሞተ። ይሄን ስነግራቸው ሰባት ዓመቱ ልጄ መስኮቱ ላይ ተደግፎ እያዳመጠኝ ነበር፣ እኔም ፊቱን እያየሁ ነው የማወራው፣ ስለ ዓለማየሁ ስንት ጊዜ አንብቤ እንደዛ ቀን ሆዴ ተላውሶ አያውቅም። ዕድሜ በቁጥር ሲነበብና ዕድሜው አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ ሳምቡሳ ሲበላ ይለያያል።

ሰሌዳው መጨረሻ ላይ የማቴዎስ ወንጌል ቃል አለ፣ እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና የሚለው። ትልቋ እሱን እንግሊዝኛውን አነበበችና ቆየች። ከዛ ዝግ ባለ ድምፅ «ግን ማሚ፣ እሱ እኮ በራሱ አልመጣም» አለችኝ።

ምንም አልጨመርኩበትም። ጽጌ ላይ ነን፣ እመቤታችን ልጇን ይዛ ከሄሮድስ የሸሸችበትን ስደት በምናስብበት ሰሞን፣ እና አንድ ልጅ እናትም አባትም ሳይኖረው ተወስዶ የቀረበት ቦታ ላይ ቆሜ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ፣ ልጆቹም ሳላዛቸው አብረውኝ ደገሙ፣ ትንሹ መሃሉ ላይ ጠፍቶበት እህቱ መራችው።

አጽሙ ይመለስ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ተነስቷል፣ 2007 ላይ ፕሬዝዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስ ለንግሥቲቱ ጠይቀው ነበር፣ በ2023ም ቤተ መንግሥቱ አጠገቡ የተቀበሩትን ሌሎች ሳይነካኩ ማውጣት የሚቻል አይመስለንም ብሎ መለሰ። እኔ ይመለስ ባይ ነኝ። የሌሎቹም ዕረፍት ዕረፍት ነው፣ ገብቶኛል፣ ግን የእሱን ዕረፍት ማን ጠየቀ እላለሁ፣ ዛሬ መሣሪያው ሁሉ ባለበት ዘመን ቢያንስ ይሞከር። የአባቱን ፀጉር እንኳን 2019 ላይ እዚህ ለንደን ያለ ሙዚየም መልሷል፣ መመለስ ይቻላል ማለት ነው።

አንድ ጓደኛዬ ልጆቹን ለምን በዕረፍታቸው ታስለቅሻቸዋለሽ አለችኝ። አላለቀሱም። ከጸሎት ቤቱ ወጥተን ሎንግ ዎክ ላይ ከአራት ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄደውን ቀጥ ያለ መንገድ ግማሹን በሩጫ ነው የወረዱት፣ ቅጠል ተወራወሩ፣ ትንሹ ኪሱን ሙሉ የቼስትነት ፍሬ ለቅሟል። እኔ የምፈልገው ይሄንን ነው፣ ይሄ አገር የተወለዱበት ነው፣ ካስሉም የእነሱ ነው፣ ክፍል ውስጥ ስለ ዊሊያም እጃቸውን አውጥተው ይመልሱ፣ ግን ዓለማየሁም እዛው ግቢ ውስጥ እንዳለ እያወቁ ይመልሱ። ሁለቱን ለያይቼ ላሳድጋቸው አልችልም፣ አልፈልግምም።

ሐሙስ ባዝ ወደሚባለው ከተማ ሄድን፣ ባለቤቴም እንቅልፉን ትቶ አብሮን መጣ። የሮማውያኑ መታጠቢያ ውስጥ ምንጩ 46 ዲግሪ ሆኖ ይወጣል፣ በቀን ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ፣ ያለ ምንም እሳት፣ እንፋሎቱ ብርዱ ላይ ሲነሳ አይን ይይዛል። መጨረሻ ላይ ውሃውን ያስቀምሷችኋል፣ ሞቅ ያለ ብረት ብረት የሚል ነገር ነው፣ ትንሹ «ጸበል ነው?» አለ፣ አባቱ «ይሄ እንደ ፍልውሃ ነው» ብሎ ጀመረለት፣ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍልውሃው አጠገብ ቤት ማሠራታቸውን፣ አዲስ አበባ ከዛ መነሳቷን፣ ሁሉንም ነገረው። እኔ ዳር ሆኜ ሰማሁ። ባለቤቴ እንደዛ ሲያወራ ካየሁት ቆይቻለሁ፣ ሥራው እኮ አፉን ዘግቶታል።

ከዛ ኒውብሪጅ ወደሚባለው ሰፈር ወጥተን ፌርፊልድ ሃውስን አየን፣ ጃንሆይ ጣልያን አገራችንን ሲወር ተሰደው ከ1936 እስከ 1940 የኖሩበትን ቤት። ትልቅ ቤት ነው፣ ግን ገንዘብ አጥሯቸው በጣም የተቸገሩበት ቤት ነው፣ እንደ እኔና እንደ እናንተ የክረምት ማሞቂያ ያሳሰባቸው ይመስለኛል። በ1941 አዲስ አበባ ተመልሰው ገቡ፣ ቤቱን ደግሞ በ1958 ለባዝ አረጋውያን መጠቀሚያ እንዲሆን ለከተማው ሰጡት። እኔ አዛውንት እየደገፍኩ ነው የምኖረው፣ ስለዚህ ይሄ ነገር ለብቻው ነካኝ፣ ስደተኛ ሆኖ የተጠለለበትን ቤት ላስጠለለው ከተማ ሽማግሌዎች መስጠት ትልቅ ነገር ነው።

ባቡር ላይ ስንመለስ ትልቋ ዓለማየሁና ንግሥት ቪክቶሪያ የት ነው የተገናኙት ብላ ጠየቀችኝ፣ አይል ኦፍ ዋይት ደሴት ላይ ኦዝቦርን የሚባለው ቤተ መንግሥት አልኳት፣ 1868 ላይ፣ ቤቱም ለጎብኚ ክፍት ነው። ለፋሲካ ዕረፍት ወስነናል። ባለቤቴ ፌሪው ውድ ነው እያለ ነው፣ እኔ ከዚህ ወር ደሞዝ ጀምሬ ማስቀመጥ ጀምሬያለሁ፣ የሄዳችሁበት ካላችሁ ርካሽ የሚሆንበትን ቀን ንገሩኝ።