የካቢኔቷ በር

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከአንዲት በር ጋር ዋልኩ። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለችው የካቢኔት በር ውሃ ጠጥታ አብጣ፣ ማጠፊያዋ ተገንጥሎ ነበር። የተሠራችበት ቺፑድ (ከእንጨት ፍቅፋቂ የተጨመቀ ጣውላ) አንዴ ካበጠ አይመለስም። እማዬ ለወራት በመጥረጊያ እንጨት ደግፋ ስትይዛት ሳይ አንጀቴን ትበላኝ ነበር።

ልኩን የወሰድኩት ካላበጠው ከላይኛው ጠርዝ ነው፤ 40 በ70 ሴንቲ። ለአዲሷ በር 18 ሚሊ ውፍረት ያለው ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ጣውላ) አስቆርጬ መጣሁ።

ከባዱ ማጠፊያው የሚቀበርበት ክብ ቀዳዳ ነው። ስፋቱ 35 ሚሊ፣ ጥልቀቱ 12 ሚሊ ገደማ። ትንሽ ካለፍክ በፊት በኩል ይወጣል። መብሻው ላይ ልኩን ምልክት አድርጌ ነጭ ፕላስተር ጠመጠምኩ። ፕላስተሩ ከእንጨቱ እኩል ሲሆን ድሪሉን አቆምኩ። ላቤ ጠብ ጠብ ይል ነበር፤ ግን ንጹህ ክብ ወጣልኝ!

የታችኛውን ጠርዝ ሦስት ጊዜ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም ቀባሁት። የድሮዋ በር በዚያ በኩል ባዶዋን ነበረች፤ ውሃውም የገባው በዚያው ነው።

ማታ ስገጥማት ሁለት ሚሊ ያህል ዘመመች። የማጠፊያውን ብሎን ትንሽ ሳዞረው ቀጥ አለች። እማዬ በአንድ ጣት ገፋ አደረገቻት። ተዘጋች። እንደገና ከፍታ ዘጋቻት።