ክረምቱን ቆሞ የከረመ ፊያት 124 ስፖርት ለምን አልነሳም አለ?

ክረምቱን ሙሉ ጣና ዳር ቆሞ የከረመ አሮጌ ፊያት 124 ስፖርት ነው። መስከረም ላይ ሲሞከር ሞተሪኖው (ሞተሩን ለማስነሳት የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር) እየጎተተ ያዞረዋል፤ ሞተሩ ግን አይነሳም። ባሕር ዳር ላይ እንዲህ ያለ መኪና ሲያጋጥም ቶሎ የሚሰጠው ምክር «ባትሪ ቀይር» ነው፤ እሱ ካልሠራ ካርቡራቶሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ይፈታል። እኔ ሳልለካ አንድም ዕቃ ላለመግዛት፣ አንድም ነገር ላለመፍታት ወስኜ ጀመርኩ። ብልሽቱ ሦስት ሆኖ ተገኘ፤ ሦስቱንም ያመጣው እርጥበት ነው።

ሞተሪኖውን እንደገና ከመምታቴ በፊት ቺንጋውን አየሁ። የዚህን ሞተር ሁለት ካምሻፍቶች (ቫልቮቹን የሚከፍቱ ዘንጎች) የሚያዞረው ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ ነው፤ ጎማ ደግሞ ቆሞም ያረጃል። ስንጥቅና የተበላ ጥርስ ፈልጌ ካጣሁ በኋላ አራቱን ካንዴላ አውጥቼ ሞተሩን በቁልፍ፣ በእጅ፣ ሁለት ሙሉ ዙር አዞርኩት። የዘይት መሙያው ክዳን ከተከፈተ ካምሻፍቱ አብሮ ሲዞር ይታያል። ካልዞረ ወይም መሀል ላይ ከያዘ እዚያው ማቆም ነው፤ በሞተሪኖ ማስገደድ ቫልቭ ሊያጣምም ይችላል።

ከዚያ ወደ ባትሪው። ቆሞ 12.5 ቮልት አሳየ። ይህ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ባትሪ የሚፈተነው ጭነት ላይ ነው። የኮይሉን (ለካንዴላዎቹ ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጨውን ዕቃ) ሽቦ ነቅዬ ሰው ሞተሪኖውን እየመታ ስለካ ባትሪው ላይ 10.4 ቮልት ነበር። ከ9.6 በታች ቢወርድ ባትሪውን እጠረጥር ነበር፤ ስለዚህ ባትሪው ደህና ነው። ሞተሪኖው ላይ፣ ከወፍራሙ ብሎን እስከ ራሱ ቆርቆሮ ስለካ ግን የደረሰው 8.1 ብቻ ነው። 2.3 ቮልት መንገድ ላይ ጠፍቷል።

የት እንደጠፋ ለማወቅ ቴስተሩን በገመዱ ሁለት ጫፎች ላይ አስቀምጦ ሞተሪኖውን መምታት ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሞተሪኖው 0.3 ቮልት፤ ይህ የሚታለፍ ነው። ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ሞተሩ ብሎክ 2.0 ቮልት! ጥሩ ማሳ (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው መስመር) ላይ ከ0.2 ብዙ መብለጥ የለበትም። ሞተሩ በላስቲክ ላይ ስለሚቀመጥ ከቦዲው ጋር የሚያገናኘው አንድ የተጎነጎነ የማሳ ሽቦ ነው። ከላይ ሲታይ ሙሉ ይመስላል፤ ብሎኑ ሲፈታ ግን ጫፉ አረንጓዴ ዝገት ሆኖ ግማሹ ክር ተበጥሷል። 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 35 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ገመድ በሁለት ጫፉ ተርሚናል አስጨምቄ፣ የሚያርፍበትን ቦታ ብረቱ እስኪያበራ ፍቄ አሰርኩት። ቫዝሊን የሚቀባው ከታሰረ በኋላ ከላይ ነው፤ ከሥር ከተቀባ ግንኙነቱን ያደክማል። ኪሳራው ወደ 0.1 ወረደ፣ ሞተሩም በፍጥነት መዞር ጀመረ። በዚህ መኪና ላይ አዲስ ባትሪ ቢገዛለት ኖሮ ለጥቂት ቀን ሸፍኖት ችግሩ ይመለስ ነበር።

አሁንም አልነሳም። ትርፍ ካንዴላ በሽቦው ጫፍ ሰክቼ፣ ቆርቆሮውን ከብሎኩ ጋር አስጠግቼ አስመታሁ፤ ብልጭታው ቀጭንና ቢጫ ነው። ጤነኛው ሰማያዊ ሆኖ ጠሽ የሚል ድምፅ አለው። እዚህ ላይ ኮይል ለመግዛት መሮጥ ስህተት ነው። ፑንቲናው (የኮይሉን ኤሌክትሪክ የሚዘጋና የሚከፍት መገናኛ) ገጥሞ እንዲቆም ሞተሩን በእጅ አዞርኩ፤ ቁልፉን ከፍቼ ከኮይሉ ኔጌቲቭ እስከ ማሳ ለካሁ፤ 0.9 ቮልት። ከ0.2 በላይ ከሆነ ፑንቲናው በደንብ እየዘጋ አይደለም ማለት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም በሐይቁ እርጥብ አየር ውስጥ ሲቆም ገጽታው ግራጫ ሽፋን ያበጃል። በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ጠርጌ፣ ከዚያ ንጹሕ ካርቶን በመሀሉ ጎትቼ ብናኙን አወጣሁ፤ ክፍተቱን 0.4 ሚሊ ሜትር አደረግሁ። ቴስተሩ ከ0.1 በታች አሳየ። ፑንቲናው ተበልቶ ጉድጓድና ጉብታ ቢያበጅ ኖሮ ኮንደንሰሩም (ፑንቲናውን ከመበላት የሚጠብቀው ዕቃ) አብሮ መቀየር ነበረበት።

ዕቃ ፈላጊዎች አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ድረስ ሲልኩ የላዳ ፑንቲና ይመጣላቸዋል። ላዳ 2101 ከፊያት 124 ሴዳን የተወለደ ቢሆንም ሞተሩ የተለየ ነው፤ ከድሮው ጋር ጎን ለጎን ሳይመሳከር አይገጠምም።

የስፒንትሮጂኖውን (እሳቱን ለአራቱ ካንዴላ የሚያከፋፍለውን) ክዳን ከውስጥ በባትሪ መብራት ማየትም ግድ ነው። ጠብታ ነበረበት፤ በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ ፀሐይ ላይ አቆየሁት። በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ጥቁር መስመር ካለ ግን ማድረቅ አይፈውሰውም፤ እሳቱ በዚያ መስመር ስለሚያመልጥ ክዳኑ ይቀየራል። ሽቦዎቹን ስመልስ ቅደም ተከተሉ 1-3-4-2 ነው።

እሳቱ ከተስተካከለ በኋላ ነዳጅ። የአየር ማጣሪያውን አንስቼ በካርቡራቶሩ አፍ እያየሁ የቤንዚን ዘንጉን በእጅ ገፋሁ፤ የሚረጭ ነገር የለም። የፖምፓውን መውጫ ጎማ በሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ አስገብቼ፣ የኮይሉ ሽቦ እንደተነቀለ፣ 10 ሰከንድ ያህል አስመታሁ። ፖምፓው በደንብ ይተፋል፤ የሚተፋው ግን ንጹሕ አይደለም። ጠርሙሱ 10 ደቂቃ ሲቀመጥ ውኃው ከሥር፣ ቤንዚኑ ከላይ ተለያዩ። የነዳጅ ክዳኑ ላስቲክ ደርቆ ተሰንጥቆ ስለነበር የክረምቱ ዝናብ በዚያ ገብቷል። ነዳጁን ሙሉ በሙሉ አፍስሼ ላስቲኩንና ፊልትሮውን ቀየርኩ። መንገድ ዳር በጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚንም ከመጨመሩ በፊት በዚሁ መንገድ እንዲዘቅጥ ማድረግ ይገባል።

ለረጅም ጊዜ ሲቆም የካርቡራቶሩ ገንዳ ይደርቃል። በመርፌ 20 ሚሊ ሊትር ገደማ ንጹሕ ቤንዚን በመተንፈሻው ጨመርኩ፤ የመርፌ ቫልቩ እንዳይጣበቅም ጎኑን በካቻቪቴ እጀታ ቀስ ብዬ ነካ ነካ አደረግሁት። ቤንዚኑ የፈሰሰበት ተጠርጎ፣ ሽታው ሳይጠፋ የኮይሉ ሽቦ አይመለስም።

እዚህ ከፍታውን መርሳት አይገባም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራቶር ቤንዚኑን በ10 በመቶ ገደማ ያበዛል። ቾኩን (ለቀዝቃዛ ሞተር አየሩን የሚቀንሰውን መሳቢያ) ሙሉ ስቦ ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ ካንዴላውን በቤንዚን ያሰምጠዋል። ቾኩን ግማሽ ስቤ አንድ ጊዜ ብቻ ረገጥኩ። ከሰመጠ ቾኩ ተገፍቶ፣ ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦ ሳይለቀቅ ይመታል። ሞተሪኖው በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ አይመታም፤ በመሀሉ አንድ ደቂቃ ይረፍ።

በሁለተኛው ምት ተነሳ። እየሠራ ባትሪው ላይ 14.1 ቮልት ስለነበር ጄኔሬተሩ ይሞላል። አጥፍቼ ሌሊቱን አሳደርኩት፤ ጠዋት፣ ጤዛው ሳይነሳ፣ ኮፈኑ ቀዝቃዛ ሳለ እንደገና ሞከርኩ፤ ያለ ተጨማሪ ነገር በመጀመሪያው ምት ተነሳ። ካንዴላዎቹ ሲወጡ ጫፋቸው ጥቁር ጥላሸት ስለያዘ፣ ይህም ቤንዚን መብዛቱን ስለሚያሳይ፣ የቀረው ሥራ ዋናውን ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) በአንድ ቁጥር ማሳነስ ነው።