ኮፈኗ የማይዘጋ ሴይቼንቶ

የአጎቴ ሴይቼንቶ፣ ያቺ ትንሿ የፊያት መኪና፣ ደሴ ግቢ ውስጥ ቆማ የዶሮ ማደሪያ ሆና ነበር። ቀልዴን አይደለም፤ የኋላ ወንበሯ ላይ እንቁላል አግኝቻለሁ። አጎቴ ካረፈ በኋላ ቤተሰቡ "በኪሎ እንሽጣት" ሲል "እኔ እወስዳታለሁ" አልኩ።

ጥፋቱ የአባርት ነው። ካርሎ አባርት ቪየና ተወልዶ ጣሊያን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1949 ድርጅት ያቋቋመ ሰው ነው። ፊያት 600ን፣ ያችኑ ሴይቼንቶን ማለት ነው፣ እየወሰደ ለውድድር ይሠራት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 ስትወጣ ሞተሯ 633 ሲሲ ብቻ ነው። እሱ እጅ ስትገባ 850 ቲሲ የምትባለው 847፣ 1000 ቲሲ ደግሞ 982 ሲሲ ሆነች። የመጨረሻዎቹማ ከ100 የፈረስ ጉልበት በላይ ያወጣሉ። ቀፎዋ ግን ያው የሴይቼንቶ ቀፎ ነው! አርማው ጊንጥ ነው፣ ኮከቡ አቅራብ ስለሆነ።

ፎቶዋን ሳይ የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። የኋላ ኮፈኗ ተከፍቶ ነው የምትወዳደረው። ልጅ ሆኜ የአጎቴ መኪና ሀረጎን፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወስደውን ዳገት፣ የምትወጣው ኮፈኗ በእንጨት ተደግፎ ነበር፤ እኔ ደግሞ የትምህርት ቤት ልጆች እንዳያዩኝ ወንበር ስር እደበቅ ነበር። ለካ ጉዳዩ አንድ ነው። ሞተሩም ራዲያተሩም ኋላ ናቸው፣ ንፋስ አያገኛቸውም። ኮፈኑ ሲከፈት ሙቀቱ ይወጣል። አባርት በኋላ ለውድድሮቹ ራዲያተሩን ወደ ፊት አምጥቶትም ኮፈኑን አልዘጋውም፣ በፍጥነት ጊዜ የአየሩን አካሄድ ስለሚያስተካክል።

እኔም አባርት ላደርጋት ፎቶውን ይዤ ኮምቦልቻ ወዳሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሄድኩ። ፎቶውን አዩ፣ መኪናዋን አዩ፣ እኔን አዩ።

"አብሽር። መጀመሪያ ትነሳ።"

ወለሏን ዝገት በልቶት ፍሬን ልረግጥ ስል መሬት ረገጥኩ። ቀጥቃጩ አዲስ ላሜራ በየደበት። ከፊት መብራቱ በታች የጣት ውፍረት ያለው ስቱኮ ነበር። ስንፍቀው ከነጩ ስር ሰማያዊ ወጣ፣ ከሰማያዊው ስር ግራጫ። ሰማያዊው የታክሲ ቀለም ይመስላል። ታክሲ ሆና ሠርታ ከሆነ አጎቴ አንድ ቀን ትንፍሽ አላለም።

የሞተሩ ሥራ ጊዜ በላ። ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይ ክዳን፣ በሙቀት ጠሟል፣ ተላገ። የፒስተኑ ቀለበቶች፣ ፋሻዎቹ፣ ተቀየሩ። (ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ... ጋራዥ ውስጥ ግማሽ ቀናችንን ጣሊያንኛ ነው የምናወራው፣ ማንም ልብ አይለውም እንጂ።) ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ካርቦራቶር ግን አሰለቸን። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 አካባቢ። ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፣ ግን አየሩ ይሳሳል፣ ነዳጁ ይበዛበታል። ታች ቆንጆ አርገን ያስተካከልነው ሞተር ላይ ሲደርስ ጥቁር ጭስ እያስነጠሰ ይንተፋተፋል። ጋሼ መካኒኩ ነዳጁን በብልጭታ የሚለኩሰውን ካንዴላ ፈትተው ጫፉን በጥፍራቸው ፋቁት። ጥላሸት። ነዳጅ የሚያሳልፈውን ቀዳዳ አንድ ቁጥር በጠበበ ቀየሩት። እንደገና ወጣን፣ እንደገና ፈቱት። በሦስተኛው ካንዴላው ቡና ቀለም ሆኖ ወጣ፣ ነዳጁ ልክ ሆነ ማለት ነው፣ አሳዩኝና ምንም ሳይሉ መለሱት።

የአባርቱን ነገር በዚህ መሃል ተውኩት። ሞተሩን ማሳደግ ብር ብቻ አይደለም፤ ፍሬኑም ማርሹም አብሮ መለወጥ አለበት፣ መለዋወጫ ደግሞ የለም። እውነቱን ለመናገር ደግሞ የፈለግኩት ጊንጡን ሳይሆን የአጎቴን መኪና ነው።

ቀለም ከተቀባች በኋላ ጋሼን ከጎኔ አስቀምጬ ሀረጎን ጀመርኩት። ግማሹ ላይ የሙቀቱ መርፌ ወደ ቀይ ሄደ። ደሴ ከፍታ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፣ ስለዚህ ፋታ የለም። ዳር ያዝኩ።

"እንጨቱስ?" አሉኝ ጋሼ።

የቱ እንጨት? ግቢውን ሳጸዳ ከሞተሩ ጎን ሽቦ የታሰረበት፣ ጫፉ የጠቆረ ቁራጭ አግኝቼ ከዶሮው ኩስ ጋር ጥዬዋለሁ። ነገርኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምር ተቆጡ።

በመጨረሻ ከአንድ እረኛ ልጅ የባሕር ዛፍ ዱላ ለመንኩ። አየኝ፣ መኪናዋን አየ፣ ሃምሳ ብር አለ። ከፈልኩ። ኮፈኑን ደግፈን ደሴ ገባን፣ መርፌው መሃል ላይ ቁጭ አለ። አንዱ ባጃጅ ከኋላ ጡሩምባ እየነፋ "ኧረ ኮፈንህ ተከፍቷል!" ሲለኝ ነበር።