የሰኔ ማታ

ሰኔ ሲገባ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ዛሬም ስታዲየም አጠገብ አጥር ላይ የተሰቀለ ባነር ጥጉ ተቀዶ በዝናቡ ሲራገብ አየሁት። የተቀደደው ገመድ የሚያልፍበት የብረት ቀለበቱ ጋ ነው። ጠርዙ ታጥፎ ተሰፍቶ፣ ቀለበቱም በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ቢመታ ኖሮ ክረምቱን በቻለው ነበር።

የማስታወቂያ ኤጀንሲ ውስጥ የሚሠራ ሰው ይህንን ሁሉ ባንድ ዓመት ይማረዋል፤ ትልቁ ጥቅሙም እሱ ነው። ጠዋት ባንክ፣ ከሰዓት ፓስታ፣ ማታ ሪል ስቴት። የ30 ሰከንድ የሬዲዮ ማስታወቂያ ከ50 ቃል ካለፈ አንባቢው እንደሚጣደፍና ስልክ ቁጥሩ እንደሚዋጥ ይገባዋል። ስክሪን ላይ የሚያበራ አረንጓዴ በሲኤምዋይኬ፣ ማለትም በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች፣ ሲታተም ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ደንበኛው መፈረም ያለበት የታተመ ናሙና አይቶ ነው። ዳር ዳሩ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ቀለም ያልተተወለት ብሮሸር ሲቆረጥ ነጭ መስመር ያወጣል። በድሮ፣ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ባልሆነ ፎንት የተጻፈ አማርኛ ፊደሉ እንደ ሥዕል ወደ ቅርጽ ሳይለወጥ ማተሚያ ቤት ከተላከማ «እንኳን አደረሳችሁ» የላቲን ፊደልና የምልክት ዝባዝንኬ ሆኖ ይከፈታል።

ጉዳቱ የሚከመረው ሰኔ ላይ ነው። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ መጽሔቱም ባነሩም በዚያው ሳምንት ይፈለጋል፤ ሦስቴ መታረም የነበረበት ጽሑፍ አንዴ ታይቶ ያልፋል። የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያው የአየር ሰዓቱን ቅድሚያ ክፈሉ ይላል፣ ደንበኛው ከወራት በኋላ ይከፍላል፤ መሃል ላይ ደመወዝ ይዘገያል። ባንድ ዘርፍ ደንበኞች ላይ የቆመ ኤጀንሲ ደግሞ ባንድ ሕግ ይናጋል። በ2011 ዓ.ም. የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥን፣ ከሬዲዮና ከቢልቦርድ ሲያስወጣ፣ የቢራን ሥራ ምሰሶ ያደረገ ሁሉ ምሰሶው ተነቀለበት።

እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ማስታወቂያው ዕቃውን ሸጠው ወይስ አልሸጠውም? የሽያጩ መዝገብ ያለው ደንበኛው እጅ ነው። ሥራው ሲጀመር «ከማስታወቂያው በፊትና በኋላ ያለው የ3 ወር ሽያጭ ይሰጠን» ተብሎ ውሉ ላይ ካልሰፈረ፣ በኋላ ቢለመንም አይገኝም። ፌስቡክና ቴሌግራም ስንት ሰው እንዳየው ይናገራሉ፤ ያየ ሁሉ ግን አይገዛም። ያን ያህል ሌሊት የታደረበት ሥራ አንድ ሰው ከቤቱ አስነስቶ ሱቅ ማድረሱን ማን ይንገረን?