የአሮጌ ጀልባ ሞተር ብሎን እንዳይነክስ፦ አፈታቴና አገጣጠሜ

የጀልባ ሞተር አካሉ አልሙኒየም ነው፤ ብሎኖቹ ግን አብዛኞቹ ስቴንለስ ናቸው። ሁለቱ እርጥበት ባለበት ሲገናኙ እንደ ባትሪ ይሠራሉ፣ የሚበላውም አልሙኒየሙ ነው። ከመበላቱ የሚወጣው ነጭ ዱቄት ከተበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚፈልግ ጥርሶቹ መካከል ታሽጎ ብሎኑን ይነክሰዋል። ለዚህ ነው የብሎኑ ራስ እያብረቀረቀ ውስጡ አልላቀቅ የሚለው። የባሕር ውሃ ነገሩን ያፋጥነዋል እንጂ ጣና ወይም ዝዋይ ላይ የሠራ ሞተርም ለብዙ ዓመት ሳይፈታ ከቆየ አያመልጥም።

ስፈታ በጉልበት አልጀምርም። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል ቀላቅዬ ጠብታ በጠብታ እሰጠዋለሁ፤ ሁለቱ ስለሚለያዩ በተጠቀምኩ ቁጥር እንጠዋለሁ። አሴቶን ቀለምና ፕላስቲክ ይበላል፣ ስለዚህ ዙሪያውን እጠርጋለሁ። ቀዳዳው በወዲያኛው በኩል ክፍት ከሆነ ከዚያ በኩል መስጠቱ ይበልጣል፣ ለጥርሱ ቅርብ ነውና። የብሎኑን ራስ በነሐስ ዘንግ ላይ በመዶሻ ጠንከር አድርጌ መታ መታ አደርግና አሳድረዋለሁ።

በማግስቱ ባለ ስድስት ማዕዘን ሶኬት እገጥማለሁ፤ ባለ አሥራ ሁለቱ ራሱን ይበላዋል። መጀመሪያ ጥቂት ወደ ማጥበቂያው፣ ከዚያ ወደ መፍቻው። የሚላቀቅ ብሎን ቀጭ የሚል ድምፅ ሰጥቶ ይለቅና ከዚያ ከበድ ባለ ግን እኩል በሆነ ጉልበት ይዞራል። የሚበጠስ ግን ድምፅ አይሰጥም፤ ቁልፉ እንደ ላስቲክ ለስለስ ብሎ ይሄዳል፣ ስትለቀው ይመለሳል። ይህን እጅህ ላይ ካገኘኸው ወዲያው አቁም። በተለይ የጭስ መውጫው ሽፋንና የቴርሞስታቱ ክዳን ላይ ያሉት ኤም 6 (ውፍረታቸው 6 ሚሊሜትር የሆኑ) ብሎኖች ለዚህ የተጋለጡ ናቸው።

አልዞር ካለ ሙቀት ነው። አልሙኒየም ከስቴንለስ ይበልጥ ስለሚሰፋ የሚሞቀው ብሎኑ ሳይሆን በዙሪያው ያለው አካል ነው። አስቀድሜ የቤንዚን ታንኩንና ቱቦውን ከአካባቢው አርቃለሁ፣ የሰጠሁትን ቅባትም እጠርጋለሁ፤ ይቀጣጠላል። እሳቱን አንድ ቦታ ማቆም አይገባም፤ አልሙኒየም 660 ዲግሪ ላይ ሲቀልጥ እንኳ እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም። የውሃ ጠብታ ሲነካው ጭስ ብሎ ከጠፋ በቂ ነው። ገና ትኩስ እያለ ሻማ ብሎኑ ሥር ብታስነካው ሰሙ ወደ ጥርሱ ይሰርጋል። ከዚያ ሩብ ዙር ወደ ውጭ፣ ከዚያ ያነሰ ወደ ውስጥ፤ ነጩ ዱቄት እየወጣ ቅባት እየጨመርኩ። ሙቀት ያገኘው የጎማ ማሸጊያ (ሲል) በአዲስ መተካት አለበት።

ትልቁ ሥራ ግን መግጠሙ ላይ ነው። ቀዳዳውን የማጸዳው ተመሳሳይ ጥርስ ባለው አሮጌ ብሎን ነው፤ ጎኑን በቀጭን የፍሌክስ ድንጋይ በቁመቱ ሦስት ቦታ እሰነጥቀዋለሁ። አዲስ ጥርስ ማውጫ አልሙኒየሙን ይልጠዋል፣ ይህኛው ቆሻሻውን ብቻ ጠርጎ ያወጣል። የጥርሱን ዓይነት ሳያውቁ መግጠም አይገባም፤ ያማሃ በሚሊሜትር ነው፣ አሮጌ ጆንሰንና ኤቪንሩድ በኢንች። በኢንች 5/16 ቀዳዳ ውስጥ ኤም 8 የገባ መስሎ ጥቂት ዙር ይሄድና ጥርሱን ያበላሻል።

ለጨዋማ ውሃ ዱራላክ ወይም ቴፍ ጄል የተባለውን መበላት የሚከላከል ቅባት እጠቀማለሁ፣ ለሐይቅ ግን ውሃ የማያጥበው ጥሩ የጀልባ ግራሶ ይበቃል። ለጋራዥ የሚሸጠውን የመዳብ ወይም የግራፋይት ቅባት አልሙኒየም ላይ አልጠቀምም፤ ሁለቱም መበላቱን ያባብሳሉ። ጫፋቸው ውሃ መተላለፊያ ውስጥ ለሚገባ ብሎኖች የማይደርቅ የጋስኬት ማሸጊያ እቀባለሁ። ብዙ ሰው የሚረሳው አንገቱን ነው፦ የታችኛውን ማርሽ ቤት የሚይዙት ረጃጅም ብሎኖች ብዙ ጊዜ የሚነክሱት ጥርሳቸው ላይ ሳይሆን በሚያልፉበት ሰፊ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከጥርሱ እስከ ራሱ ሥርና ሮንዴላው ድረስ በስሱ መቀባት አለበት። መውጫ የሌለው ቀዳዳ ውስጥ ግን ግራሶ አይሞላም፤ ብሎኑ ሲጠብቅ የታፈነው ቅባት አካሉን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ማኑዋሉ ለዚያ ቦታ የተለየ ቁጥር ካልሰጠ ኤም 6ን በ8፣ ኤም 8ን በ18፣ ኤም 10ን በ36 ኒውተን ሜትር አጠብቃለሁ። የተቀባ ብሎን በዚያው ጉልበት ከደረቁ የበለጠ ስለሚወጠር፣ ማኑዋሉ የሚለው ደረቅ ከሆነ ከቁጥሩ አንድ አምስተኛ ያህል እቀንሳለሁ። ምትክ ስገዛ ኤ 4 የሚል ምልክት ያለው ስቴንለስ እመርጣለሁ፣ ርዝመቱም ከወጣው ጋር እኩል መሆን አለበት።

ኃይሉን ከሞተሩ ወደ ማርሽ ቤቱ የሚያወርደው ዘንግ፣ የድራይቭ ሻፍቱ፣ ጥርሶችም ግራሶ ይፈልጋሉ፤ አናቱ ግን ንጹሕ ይሁን። እዚያ የታፈነ ግራሶ ሻፍቱን ወደ ታች ስለሚገፋው ማርሽ ቤቱ አልገጥም ይላል። ያኔ በብሎን ጎትቶ ማስገባት ክራንኩን ይጎዳል።

ኢምፔለሩን (የውሃ ፓምፑን የጎማ ክንፍ) በዓመት አንዴ ስቀይር እነዚህ ብሎኖች ሁሉ አብረው ወጥተው፣ ታጥበው፣ ተቀብተው ይመለሳሉ። በዚያው አጋጣሚ ለመበላት የተሠራውን ቁራጭ፣ አኖዱን፣ አያለሁ፦ ለሐይቅ ማግኒዚየም፣ ለባሕር ዚንክ። ዚንክ ጨው በሌለው ውሃ ላዩ ተሸፍኖ ሥራውን ያቆማል። ግማሹ ካለቀ ይቀየራል፣ ቀለም አይቀባም፣ የሚያርፍበት ቦታም ባዶ ብረት እስኪሆን በሽቦ ብሩሽ ይፈገፈጋል።