ነዋሪ መሆን የሚሰጠውና የሚነሳው

የአክስቴ ልጅ ከፓሪስ ደውሎ «ጋሼ፣ መንጃ ፈቃዴ ሞተ» ያለኝ የራስ መኮንንን ድልድይ ተሻግሬ ወደ ፒያሳ ስወጣ ነበር። እዚሁ ከተማ ውስጥ ለዓመታት ያለ አንዳች አደጋ ያሽከረከረ ልጅ ስለሆነ መጀመሪያ የጠፋበት መስሎኝ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። ከአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጠና (ከአውሮፓ ኅብረት አገሮችና ከአይስላንድ፣ ከኖርዌይና ከሊክተንስታይን) ውጭ የተሰጠ መንጃ ፈቃድ ፈረንሳይ ውስጥ የሚያገለግለው፣ ባለቤቱ ነዋሪ ከሆነበት ቀን ጀምሮ ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ውስጥ በፈረንሳይ መንጃ ፈቃድ እንዲቀየርለት ያላመለከተ፣ ወይም ሰጪው አገር የመቀያየር ስምምነት የሌለው ሰው፣ እንደ ጀማሪ ይፈተናል፤ ከ40 የጽሑፍ ጥያቄዎች ቢያንስ 35ቱን መመለስ አለበት። የእኛው ሰው «ነገ አደርገዋለሁ» ሲል ዓመቱ አለፈበት።

ሕጉ ያለ ምክንያት የወጣ አይመስለኝም። የፈረንሳይ መንጃ ፈቃድ 12 ነጥብ የተያዘለት ሲሆን አጥፊ በጥፋቱ ልክ ነጥብ ይቀነስበታል። አዲስ አበባ ከተሰጠ የነዋሪ ካርድ ላይ ግን ፈረንሳይ የምትቀንሰው ነጥብ የለም።

የገረመኝ ይኸው ልጅ ሉቭር ሙዚየም በር ላይ ሲቆም የአገሬው ሰው መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 2026 ጀምሮ የሉቭር መግቢያ ለቀጠናው ዜጎችና ነዋሪዎች 22 ዩሮ፣ ከውጭ ለሚመጣ ጎብኚ 32 ዩሮ ሆኗል። እሱ 22 ይከፍላል፣ እኔ ብሄድ 32። ከመሪው ያስነሳው ነዋሪነት ትኬት መስኮቱ ላይ አሥር ዩሮ ያተርፍለታል ማለት ነው።

የዋጋው ልዩነት መነሻ ሒሳብ ለመረዳት አያስቸግርም። ሙዚየሙ የመንግሥት በመሆኑ ከበጀቱ ከፊሉ የሚሸፈነው በግብር ነው፤ ስለዚህ ነዋሪው ገና ሰልፍ ሳይይዝ ድርሻውን ከፍሏል፣ የእንግዳው መዋጮ ግን ትኬቱ ብቻ ነው። ለሕንፃው ማደሻ የታሰበው ገንዘብም በከፊል ከዚሁ ጭማሪ ይጠበቃል። ልናደድ ስል የአምስት ኪሎው ብሔራዊ ሙዚየማችን ድንቅነሽን ለማየት የውጭ ዜጋን ከእኛ አስበልጦ ሲያስከፍል መኖሩን አስታወስሁ። (እኔን እዚያ መታወቂያ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ መስኮቱ የሚያነበው ፊት ነው፤ በዚህ አሠራር እዚሁ የሚኖርና የሚገብር ፈረንጅ ምን ያህል እንደሚጎዳ መገመት ይቻላል።)

ሆኖም የግብሩ ክርክር ሉቭር ላይ ሙሉ በሙሉ አያሳምነኝም። የሙዚየሙ የግብፅ ክፍል ከአባይ ዳር በሄዱ ቅርሶች የተሞላ ነው፤ ከካይሮ የመጣ ጎብኚ የአያቶቹን ሐውልት ለማየት ከሊዝበን ከመጣው አሥር ዩሮ አስበልጦ ይከፍላል። ቅርሱ ራሱ እንደ መዋጮ ቢቆጠር ሒሳቡ ወዴት እንደሚያጋድል አላውቅም።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ ስነግረው ሳቀ። ለአጭር ጊዜ የሚመጣ ጎብኚ ከነትርጉሙ የያዘው የአገሩ መንጃ ፈቃድ ስለሚያገለግለው፣ «ጋሼ፣ ሲመጡ የሉቭሩን ትኬት እኔ እከፍላለሁ፤ መኪናውን ግን የሚነዱት እርስዎ ነዎት» አለኝ።