ልጄ ያስተረጎመልኝ ጥያቄ

አዲስ አበባ ካሉ ጓደኞቼ ጋር ስናወራ አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ «ዶላር እያገኛችሁ ደግሞ ምን ያስጨንቃችኋል?» ሰሞኑን አንድ አብሮ አደጋችን እዚህ አሜሪካ ራሱን ማጥፋቱን ሲሰሙም የጠየቁት ይህንኑ ነው፤ ምን ጎድሎት? የሟቹ ቤተሰብ ሐዘን ላይ ስለሆነ ስለ እርሱ አልጽፍም። ስለ ራሴ ግን እጽፋለሁ፤ እኔም ወደዚያ ተጠግቼ ነበርና።

የአባቴን ሞት የሰማሁት በፌስቡክ ነው። በምሠራበት የመኪና ማቆሚያ የሌሊት ተረኛ ሆኜ ሳለ አንድ ዘመድ «ነፍስ ይማር» ብሎ ፎቶውን ለጥፎ አየሁ። አገር ቤት ቢሆን ሽማግሌዎች ሳይነጋ በሬን አንኳኩተው፣ ጎረቤት ከብቦኝ፣ የሚደግፈኝ ሰው አጠገቤ መቆሙን አረጋግጠው ነበር የሚያረዱኝ። ያንን ሥርዓት የሠሩ ሰዎች የደነገጠ ሰው ብቻውን መሆን እንደሌለበት ያውቁ ነበር፤ በዚህ እኮራለሁ። እኔ ግን እስኪነጋ የመኪና ቁልፍ ስቀበልና ስመልስ አደርኩ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ራቀኝ፣ ምግብ አስጠላኝ፣ ጀርባዬን ያመኝ ጀመር። የእኛ ሰው ድባቴ ሲይዘው ብዙ ጊዜ ለሐኪም የሚናገረው የሰውነት ሕመሙን ነው። ባለቤቴ ሥራ ላይ ስለነበረች ልጄን ይዤ ክሊኒክ ሄድኩ። ለሥራ የሚበቃ እንግሊዝኛ አለኝ፤ ለሕመም የሚበቃ ግን የለኝም።

ነርሷ 9 ጥያቄዎች ያሉት የድባቴ መለያ ቅጽ አወጣች። አስተርጓሚ ስጠይቃት «ልጁ ጎበዝ ነው» ብላ ወደ እርሱ ዞረች። እንቅልፉ፣ ምግቡ፣ ድካሙ እየተባለ መጨረሻው ጥያቄ ላይ ተደረሰ። ልጄ ዝም አለ። ወረቀቱን አየ፤ እኔን አየ። «አባዬ፣ ብትሞት ይሻልህ እንደሆነ ነው የምትጠይቀው» አለኝ። እዚህ የተወለደ ነው፤ አማርኛው ይሰናከላል፤ ያችን ግን ሳይደናቀፍ ተናገራት።

«አይደለም፣ ደህና ነኝ በላት» አልኩት። ለዐሥር ዓመት ልጁ «አዎ» ብሎ የሚመልስ አባት ከየት ይመጣል? ቅጹ ላይ ዜሮ ተጻፈ፤ ለጀርባዬ ማስታገሻ ተሰጥቶኝ ወጣሁ። ልጄ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሊት እየተነሣ የመኝታ ቤቴን በር ገርበብ አድርጎ መተንፈሴን ያይ ጀመር። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሕጉ እኮ አለ! ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ክሊኒክ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ይገባዋል፤ ከአስቸኳይ አደጋ በቀር ልጅን አስተርጓሚ ማድረግም ክልክል ነው።

የደረሱልኝ የዕድራችን ሰብሳቢ ናቸው። ከስብሰባ መቅረት ሳበዛ ከባለቤታቸው ጋር ቤቴ መጡ። ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ባለቤታቸው ልጁን ይዘው ወጡ፤ እርሳቸውም «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ?» አሉኝ። ሳያለሳልሱ፣ ሳያፍሩ። እንዲህ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ውስጥ ይዘራል ብለው የሚፈሩ አሉ፤ ሐኪሞች የሚያስተምሩት ግን ሰውየውን ለመናገር እንደሚረዳው ነው። እኔም ተናገርኩ፣ አለቀስኩም። ስለ ኃጢአት አልሰበኩኝም። አጠገቤ ተቀምጠው 988 ደወሉ። ይህ ራሱን ለማጥፋት ያሰበ ወይም የተጨነቀ ሰው የሚደውልበት ቁጥር እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2022 ጀምሮ በመላው አሜሪካ ሌት ተቀን በነፃ የሚሠራ ነው፤ በስልክ አስተርጓሚ ያገናኛል፣ የመኖሪያ ፈቃድም አይጠየቅበትም። ያን ሰሞን የዕድሩ ሰዎች እየተፈራረቁ ከእኔ ጋር አደሩ።

አሁን ሕክምና ላይ ነኝ። ፈረንጅ ለማልቀስም ቀጠሮ ይሰጣል፤ እርሱም ሳምንታት ያስጠብቃል። እኛ ደግሞ አማኑኤልን የሚያህል ሆስፒታል ስሙን ስድብ አድርገነዋል። መድኃኒቴን እየወሰድኩ ጠበሌንም እጠመቃለሁ። ሁለቱ አይስማሙም የሚለኝ ሰው፣ እንጦጦ ማርያም የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ከአጥማቂዎች ጋር ተባብረው ሕሙማንን መርዳታቸውን ይወቅ።

ለመምጣት የምታስቡ ወንድሞችና እህቶች፣ ከደመወዙ በፊት በምትሄዱበት ከተማ ዕድር መኖሩን ጠይቁ። ሐኪም ቤት «የአማርኛ አስተርጓሚ» በሉ፤ እስኪመጣ ጠብቁ እንጂ ልጃችሁን አታስገቡ። አገር ቤት ያላችሁም ሐዘን ከመለጠፋችሁ በፊት ውጭ ያለው ሰው መስማቱን፣ አጠገቡም ሰው መኖሩን አረጋግጡ።

ዚምባብዌያዊው የአእምሮ ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ውስጥ አሮጊቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ የተጨነቁትን እንዲያዳምጡ አደረገ። በ2016 የታተመው ጥናት ያን ድጋፍ ያገኙት ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ ጭንቀታቸው መቀነሱን አሳየ። እኛስ በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስንት እናቶች አሉን! ሥልጠናው ብቻ ነው የጎደለን።

የዕድራችን ደንብ አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚወጣውን በዝርዝር ያስቀምጣል፤ ክፍሉን ዘግቶ ሥራ ስላቆመ አባል ግን አንድም አንቀጽ የለውም። ለእንዲህ ያለ አባል የአንድ ወር የቤት ኪራይ እንዲከፈል፣ ከአባላትም አድማጮች እንዲሠለጥኑ ሐሳብ አቅርቤአለሁ። «ማን ታመምኩ ብሎ በሰው ፊት ይወስዳል?» ያሉ አሉ። ከሰብሳቢው በቀር ሌላ ሰው ስሙን እንዳያውቅ ተብሎ ይጻፍ ብያለሁ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበታል።